ቤትን ከእርጥበትና ከሻጋታ ስለ መጠበቅ



በእስራኤል ዝናብና ብርድ የሚመጡት በአንድ ወቅት ነው። መስኮት ተዘግቶ ሲውል ከምግብ ማብሰያ፣ ከገላ መታጠቢያና ከእርጥብ ልብስ የሚወጣው እንፋሎት መውጫ ያጣል፤ ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካም ወደ ውሃነት ይለወጣል። በዚያም ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል። ሻጋታ በተለይ አስም ያለባቸውን ልጆች ይጎዳል። ስለዚህ፦

1. ብርድ ቢሆንም ጠዋትና ማታ ለ10 ደቂቃ ያህል መስኮት ክፈቱ።
2. የታጠበ ልብስ በመኝታ ክፍል አታስጡ።
3. አልጋና ቁም ሣጥን ከውጭው ግድግዳ ጥቂት አርቁ።
4. ቤት ለማሞቅ ብላችሁ ከሰል አታንድዱ፤ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዙ ተኝታችሁ ሳለ ይገድላል።

ግድግዳው ከጣሪያ ወይም ከቧንቧ በሚፈስ ውሃ የራሰ እንደ ሆነ ቀለም መቀባት አይበቃም፤ ለቤቱ ባለቤት አስታውቁ። የልጃችሁ ሳል ካልተሻለው ወደ ኩፓት ሖሊም ሐኪም ውሰዱት።