እርሳስና ዚንክ በኖራ ድንጋይ ውስጥ እንዴት ይከማቻሉ?

የሞያሌን ቤቶች የሚሸፍነው ቆርቆሮ ዝገትን የሚቋቋመው በዚንክ ስለተለበጠ ነው፤ ወደ ናይሮቢ የሚመላለሱት የጭነት መኪኖች ባትሪም የእርሳስ ሰሌዳ አለው። ሁለቱ ማዕድናት ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ፤ ከሚከማቹባቸው ዐለቶች አንዱ የኖራ ድንጋይ ነው።

ማዕድኑ ግን ወደ ኖራ ድንጋዩ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። በጥልቅ ደለል ውስጥ የሰረገ ውሃ እየሞቀ፣ ከባሕር ውሃ ብዙ እጥፍ ጨዋማ ይሆናል። ሙቀቱ ከ75 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርሰው ይህ ውሃ በሚያልፍባቸው ዐለቶች ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ የተበተነውን ዚንክና እርሳስ እያሟሟ ይሸከማል።

ተራራ ሲነሣ ወይም ምድር ሲሰነጠቅ ውሃው ተገፍቶ ወደ ኖራ ድንጋዩ ቀዳዳዎች ይገባል። እዚያ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ካገኘው፣ እርሳሱ ጋሊና፣ ዚንኩ ስፋለራይት የሚባል ማዕድን ሆኖ ይረጋል። በዚህ ጊዜ የሚፈጠረው አሲድ የኖራ ድንጋዩን እየበላ ለተከታዩ ማዕድን ቦታ ይከፍታል። ኖራ ድንጋይ ብዙ ማዕድን የመያዙ ምሥጢር ይኸው ነው።

ሞያሌ የተቀመጠችው በጥንታዊ፣ በሙቀትና በግፊት በተለወጠ ዐለት ላይ ነው፤ በደበል አካባቢ ሰዎች ወርቅ ሲቆፍሩ የቆዩትም ከዚህ ዓይነት ዐለት ነው። በስተምሥራቅ ወደ ማንዴራ ሲዘለቅ ግን በጁራሲክ ዘመን ባሕር ሥር የተከማቸ የኖራ ድንጋይ ይገኛል። የባሌው የሶፍ ዑመር ዋሻም የተፈለፈለው በዚያው ዘመን ኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው።

በየመን፣ ከሰንዓ በስተምሥራቅ በሚገኘው ጀበሊ፣ የዚሁ ዘመን ኖራ ድንጋይ ዶሎማይት ወደሚባል ዐለት ተለውጦ ዚንክ፣ እርሳስና ብር ይዟል። ስለ ብር ማውጫው የየመኑ ሊቅ አል ሐምዳኒ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ጽፏል። የኖራ ድንጋይ መኖር ብቻውን ግን ማዕድን አለ አያሰኝም፤ ስንጥቁ፣ ጨዋማው ፍል ውሃና ሃይድሮጅን ሰልፋይዱ በአንድ ቦታ መገናኘት አለባቸው።

ጋሊና የሚያብረቀርቅ ግራጫ ነው፤ ሲሰበር በዳይስ ቅርጽ ይሰነጠቃል፣ ከውሃም 7.5 እጥፍ ይከብዳል። እንዲህ ያለ ድንጋይ ያገኘ ሰው ለጂኦሎጂስት ያሳየው፤ እርሳስ ይመርዛልና በቤቱ አያቅልጠው። በዛምቢያዋ ካብዌ፣ በዶሎማይት ውስጥ የነበረው ማዕድን ማውጫ በ1994 እ.ኤ.አ. ቢዘጋም፣ የተረፈው የእርሳስ ብናኝ የሕፃናትን ደም ዛሬም እየመረዘ ነው።