ከመስከረም እስከ ሰኔ 30፦ የአንደኛ ደረጃ ክፍል አንድ ዓመት

መስከረም ሲጠባ ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ ደብተር ይሸፈናል። አንዱ ቤት ካኪ ወረቀት ይገዛል፣ ሌላው አሮጌ ጋዜጣ ይቆርጣል፤ ታላቅ እህት ጠርዙን እያጠፈች ትለብጣለች፣ ስምና ክፍል ይጻፍበታል። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ይህን ደብተር ይዞ ሰልፍ ላይ ይቆማል፤ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፣ መዝሙር ይዘመራል፤ ከዚያ ለሦስት ሰው በተሠራ ዴስክ ላይ አራተኛ ሆኖ ይቀመጣል። ከዚያ ጠዋት አንስቶ እስከ ሰኔ 30 ብዙ ነገር ይማራል። ሌላውን ሁሉ የሚሸከመው ግን አንድ ነው፤ ማንበብ።

ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የአንደኛ ደረጃ ርዝመት ደጋግሞ ተለዋውጧል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን መጨረሻ እስከ 6ኛ ክፍል ነበር፤ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 8ኛ አደረሰው፤ በቅርቡ እንደገና ወደ 6ኛ ተመልሶ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ ተብለዋል። የ1986ቱ ፖሊሲ ትልቁ ሥራ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መደንገጉ ነው። አሁን ባለው ሥርዓተ ትምህርት የታችኛው ክፍል ልጅ ከቋንቋው ሌላ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ አካባቢ ሳይንስ፣ ግብረ ገብ፣ የክወናና ዕይታ ጥበባት፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ይማራል።

ወደ ፊደሉ እንምጣ። ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ከዚያም ያልፋሉ። ብዙ ልጅ በኅዳር ሀሁን እንደ መዝሙር ያወርደዋል፤ ወላጅም ደስ ይለዋል። መምህሯ በማስመሪያ ከገበታው መሃል «ቶ»ን ስትነካ ግን ልጁ ዝም ይላል፤ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከ«ተ» ይነሣና ቱ፣ ቲ፣ ታ እያለ ቆጥሮ ይደርስበታል። ይህ ልጅ ዜማውን እንጂ ፊደሉን ገና አላወቀም። ካዕብና ሣልስ ይቀሉታል፤ አንዱ ጭረቱን ከጎኑ፣ ሌላው ከእግሩ ያደርጋል። ሳድስ ግን ወጥ መልክ የለውም፤ ል፣ ብ፣ ር፣ ግ እያንዳንዳቸው ለብቻ መታወቅ አለባቸው። በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚበዛውም እሱ ነው።

የቄስ ትምህርት ቤት የዚህን መድኃኒት ጥንት ያውቅ ነበር። ልጁ ሀሁን በተርታ ከዘለቀ በኋላ አቡጊዳ ይሰጠዋል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ ከአንዱ ፊደል ቤት ወደ ሌላው ሲሻገር የለመደው ተርታ ይፈርሳል። በአፉ ብቻ የያዘ እዚህ ይጋለጣል፤ በዓይኑ የለየ ያልፋል። ከዚያ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ቀጥሎ ወደ ዳዊት ይሄዳል። ዘመናዊው ክፍል ስለ የኔታ ሲያነሣ አለንጋውን እንጂ ይህን ጥበብ ብዙም አያስታውስም፤ እኔ ግን ዛሬም የሚጠቅመን ይመስለኛል።

ፊደል መለየት ደግሞ መነሻው ብቻ ነው። «ገና» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ ያልደረሰ ነገር ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው። ጽሑፉ ይህን አያሳይም፤ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ቋንቋውን በጆሮው ጠግቦ የመጣ ልጅ ነው። የአፍ መፍቻ ቋንቋ ነገር ክፍል ውስጥ ምን ያህል እንደሚጠቅም በዚህች አንዲት ቃል ይታያል።

በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች የታችኛው ክፍል ልጆች የማንበብ ችሎታ ተመዝኖ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34ቱ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ሙሉ በሰልፉ ቆመው፣ ደብተር ሞልተው፣ ከሰሌዳ ገልብጠው! ውጤቱ ብዙ ሰው አስደነገጠ፤ ከዚያ በኋላ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በሀዲይኛ የማንበቢያ መጻሕፍት እንደገና ተዘጋጁ። መጽሐፉ ቢሻሻልም መገልበጥ ግን ከክፍል አልወጣም። ሰሌዳውን አሳምሮ የሚገለብጥ ልጅ የገለበጠውን አንብብ ሲባል የሚያቅተው ዛሬም አለ።

ሌላው ትምህርት በተሻለ ይራመዳል። ሒሳብ በቆርኪ፣ በጠጠርና በባቄላ ይጀመራል፤ ልጁ አምስት ቆርኪ ላይ ሦስት ሲጨምር የመደመርን ትርጉም በእጁ ይዞታል። አካባቢ ሳይንስ ከበር ውጭ ሞልቷል፤ ቅጠል መልቀም፣ የቤት እንስሳትን መለየት፣ እጅ መታጠብ። ከፍ ሲሉ በቡድን ይሠራሉ፤ ክበባትና ሚኒ ሚዲያ ይገባሉ። ማይክሮፎን ይዞ በሰልፍ ፊት የቆመ የ5ኛ ክፍል ልጅ በአንድ ጠዋት የሚያገኘው ድፍረት ከብዙ ትምህርት ይበልጣል። በመምህር ፋንታ የሚቆመው የክፍል አለቃም አለ፤ የረባሽ ስም ይጽፋል። ይህ ልማድ ልጁን ባልንጀሮቹን ማሳጣት ስለሚያስተምረው ቢቀር እመርጣለሁ።

ዓመቱ ደግሞ እኩል አይደለም። በገጠር አዝመራ ሲደርስ ወንበሩ ይሳሳል፤ ወንዱ እህል ጥበቃና ከብት ላይ ነው፣ ሴቷ ውኃና ታናናሾቿ ላይ። የገበያ ቀንም እንዲሁ። በከተማ ችግሩ ሌላ ነው፤ ተማሪ በበዛበት ትምህርት ቤት በፈረቃ ግማሽ ቀን ብቻ ይማራሉ። አዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹን መመገቧ የሚመሰገን ነው፤ የራበው ልጅ ሰሌዳ አይታየውም። ጥር ላይ የመንፈቅ ፈተና ይመጣል፤ ከዕረፍቱ በኋላ የካቲት የገባ የ1ኛ ክፍል ልጅ አጫጭር ቃላትን ካላነበበ በቀሪዎቹ ወራት መድረስ ይከብደዋል፤ ያኔ የሚያስፈልገው ለብቻ ቀርቦ የሚያስነብበው ሰው ነው።

በታችኛው ክፍል ልጅ በተከታታይ ምዘና እየታየ በአብዛኛው ያልፋል። ልጅን በሰባት ዓመቱ አለመጣል ደግ ሐሳብ ነው፤ ግን ሳያነብ ያለፈው ልጅ እስከ 6ኛና 8ኛ ክፍል ፈተና ሳይታይ ይጓዛል። ትምህርት ቤቶች ደግሞ ፈተናውን እያሰቡ ጎበዝና ልምድ ያላቸውን መምህራን ወደ ላይኛው ክፍል ይመድባሉ፤ አዲስ ተመራቂዋ ስድሳና ሰባ ሕፃን ይዛ 1ኛ ክፍል ትገባለች። ይህ ተገልብጧል። በአንድ ግቢ ካሉት መምህራን የላቀው 1ኛ ክፍል ሊመደብ ይገባል፤ ክብሩም፣ ደመወዙም እንዲሁ።

ሰኔ 30 ካርድ ይሰጣል። ወላጅ ሆይ፣ ዘንድሮ ስንተኛ ወጣህ ብለው ከመጠየቅዎ በፊት ልጅዎን አጠገብዎ ያስቀምጡት። አይቶት የማያውቀውን መጽሐፍ ከመሃሉ ይግለጡና አንድ አንቀጽ ያንብብልዎ፤ ከዚያ ያነበበውን በራሱ ቃል ይንገርዎ። ካቃተው አይቆጡት፤ ክረምቱ ሁለት ወር ነው፣ በየቀኑ ሩብ ሰዓት አብረውት ያንብቡ።