ሕፃንና ውሃ

ከክርስቲያን ቤተሰብ የተወለደ የጎጃም ልጅ ከውሃ ጋር የሚተዋወቀው ገና በጨቅላነቱ ነው። ወንድ ከሆነ በ40 ቀኑ፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀኗ ቤተ ክርስቲያን ተወስዳ ትጠመቃለች። በገበዝ ማርያምም ሆነ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በጅጋ ሥርዓቱ አንድ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ልጅና ውሃ የሚገናኙት ብዙውን ጊዜ እንዳጋጣሚ ነው። በመታጠቢያ ሳፋ፣ በጉድጓድ አፍ፣ ከፍ ሲልም በወንዝ ዳር ይገናኛሉ። ዋና የሚማረውም ከብት ሲጠብቅ ከባልንጀሮቹ ነው። አስተማሪው ከተማሪው በሁለትና በሦስት ዓመት ቢበልጥ ነው፤ ትምህርት ቤቱም ጥልቀቱ ያልተለካ የወንዝ ኩሬ ነው።

በዛሬው ጊዜ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። ወጣት ወላጆች የስድስት ወር ሕፃን በመዋኛ ገንዳ ውስጥ ዓይኑን ገልጦ ሲጠልቅና ሲንሳፈፍ በእጅ ስልካቸው ያያሉ። ይህንን አይቶ «የእኛስ ልጅ ለምን ይቅርበት?» ማለት የማንም ወላጅ ምኞት ነው። ምኞቱን አንነቅፈውም። ዳሩ ግን ሕፃን ዋና ቢማር ከመስጠም ይድናል ብሎ ማመን አደገኛ ስሕተት መሆኑን በዛሬው ጽሑፋችን ልናስረዳ እንወዳለን።

ከሁሉ አስቀድሞ የሕፃኑን ተፈጥሮ እንመልከት። ሚርትል ማግሮ የተባሉ አሜሪካዊት ሊቅ በ1939 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን በሆዱ አስተኝተው በውሃ ውስጥ ሲይዙት እጅና እግሩን በሥርዓት እንደሚያንቀሳቅስ፣ ትንፋሹንም ለጥቂት ጊዜ እንደሚገታ ገልጸዋል። ይኸው እንቅስቃሴ ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ይደበዝዛል። በተማሩት ትምህርት የመጣ ሳይሆን አካል በራሱ የሚያደርገው ነገር ነውና። ሕፃኑ በዚህ እንቅስቃሴ ፊቱን ከውሃ ቀና አድርጎ ሊተነፍስ አይችልም፤ ስለዚህ ዋና ሊባል አይገባውም።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ የዋና ትምህርት ከ1 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ የመስጠምን አደጋ ለመቀነስ ሊረዳ እንደሚችል ገልጿል። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሚሰጠው ትምህርት ግን አደጋውን ስለመቀነሱ ማስረጃ የለም ብሏል። እንግዲህ ሕፃንን ገና ዓመት ሳይሞላው ወደ ውሃ ማስገባት የሚጠቅመው ለደስታ፣ ውሃን ለመልመድና ከወላጁ ጋር ለመቀራረብ ነው። በዚህ ጊዜ በእውነት ትምህርት የሚማረው ወላጁ ነው፤ ልጁን እንዴት እንደሚይዝ፣ ዓይኑንም ከልጁ ሳይነቅል እንዴት እንደሚቆይ ይማራል።

ነገሩ ቀላል አለመሆኑን ቁጥሩ ያስረዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2021 እ.ኤ.አ. 300 ሺህ ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከእነዚህም አንድ አራተኛ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ነበሩ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በዚያው ዓመት የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን በየዓመቱ ሐምሌ 18 ቀን እንዲታሰብ ወስኗል። ይህ ቀን ለጎጃም ሰው የሚነግረው ነገር አለ፤ ሐምሌ ወንዞቻችን ሞልተው የሚጮኹበት ወር ነውና።

በምዕራብ ጎጃም የመዋኛ ገንዳ እንደ ልብ አይገኝም። ሆኖም ለሕፃን ከሁሉ የሚሻለው የመጀመሪያ ትምህርት ቤት በየቤቱ ያለው ሳፋ ነው። እትብቱ የደረቀና ጤናው የተሟላ ሕፃን በሳፋ ውስጥ ከውሃ ጋር ሊላመድ ይችላል። ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በሆቴል ገንዳ ውስጥ ለማስገባት ግን አንገቱን በሚገባ እስኪያጸና፣ ማለትም አራትና ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ መታገሥ ይበጃል። ትኩሳት፣ ሳል፣ ተቅማጥ ወይም የቆዳ ቁስል ያለበት ሕፃን እስኪድን ይቆይ። ያለ ጊዜው የተወለደ፣ የልብ ሕመም ያለበት ወይም የሚጥል በሽታ የታየበት ሕፃን ሲሆን አስቀድሞ ሐኪም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ውሃው ለብ ያለ ይሁን። ለሳፋ 37 ዲግሪ ያህል፣ ለገንዳም ቢያንስ 32 ዲግሪ ያስፈልጋል። ሳፋው ውስጥ በመጀመሪያ ቀዝቃዛውን፣ ቀጥሎ ፍሉን መጨመርና አማስሎ በክርን መሞከር ነው። ፍል ውሃ ቀድሞ የገባበት ሳፋ ስንቱን ሕፃን ሊያቃጥል ይችላል! እንደ ቡሬ ባለ ደጋማ አገር ደግሞ ብርዱን መርሳት አይገባም። ፀሐይ ከፍ ባለችበት ሰዓት በርን ዘግቶ፣ ፎጣውን በቅርብ አዘጋጅቶ መጀመር ይሻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ 10 ደቂቃ ይበቃል። ሕፃኑ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ወዲያውኑ አውጥቶ ማድረቅና በገላ አቅፎ ማሞቅ ነው።

አያያዙም ዘዴ አለው። የሕፃኑ አንገት በእናቱ ወይም በአባቱ ክንድ ላይ ያርፍና የዚያው ክንድ መዳፍ ማዶ ያለውን የሕፃኑን ብብት አጥብቆ ይይዛል። ሌላው እጅ ወገቡን ይደግፋል። ፊት ለፊት እያዩት፣ እያነጋገሩትና እያሳቁት ውሃውን በትከሻው ላይ ቀስ አድርጎ ማፍሰስ መልካም ነው። ካለቀሰ ማውጣት እንጂ ማስገደድ አይገባም። ከሁሉ በላይ ራሱን በውሃ ውስጥ መድፈቅ ክልክል ነው። ሕፃን ብዙ ውሃ ከዋጠ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥንና እስከ መንቀጥቀጥ የሚያደርስ ሕመም ያመጣበታል።

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ አባቶቻችን። የሚሰጥም ሕፃን አይጮኽም፣ አይጣራም፤ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ጸጥ ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ስልክ ቢጮኽ፣ ቡና ቢገነፍል፣ ጎረቤት በደጅ ቢጣራ ሕፃኑን ከሳፋው አውጥቶ ታቅፎ መሄድ እንጂ «አሁን እመለሳለሁ» ብሎ መተው አይገባም። የሰባት ዓመት እኅቱን ጠባቂ ማድረግም ለእርሷ ከባድ ሸክም ነው። በአየር የሚነፋ ቀለበትም መጫወቻ እንጂ ጠባቂ አይደለም። መታጠቡ ሲያበቃ ሳፋውና ባልዲው ወዲያውኑ ይደፉ።

ወደ ወንዝ እንለፍ። ብር፣ ላህ፣ ፈጣም ለአገሩ በረከት ናቸው፤ የሕፃን መለማመጃ ግን አይደሉም። ውሃቸው ይቀዘቅዛል፣ ክረምት ሲሆን ይደፈርሳል፣ ድንገትም ይሞላል። ከዚህም በቀር በአካባቢው ጅረቶች ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታ ይገኛል። የዚህ በሽታ ተውሳክ በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ይወጣና በቆዳ በኩል ወደ ሰው ይገባል፤ ስለዚህ ውሃውን አለመጠጣት ብቻውን አያድንም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል ያወቁት በዚሁ በሽታ ላይ ሲመራመሩ ነበር። ልብስ ለማጠብ ወንዝ የምትወርድ እናት ሕፃኗን ከውሃው ራቅ አድርጋ በደረቅ ቦታ፣ ሥራ ባልያዘ ዐዋቂ ሰው እጅ ብታስቀምጠው ከሁለቱም አደጋ ታድነዋለች።

መዳህና መራመድ የጀመረ ልጅ ደግሞ ወደ ውሃ በራሱ ይሄዳል። ለጉድጓድ መክደኛ፣ ለግቢ አጥር፣ ለውሃ በርሜል ክዳን ያስፈልጋል። መስኖ ሲስፋፋም ጥንቃቄው አብሮ መስፋፋት አለበት። ለምሳሌ በመርዓዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ 7 ሺህ ሄክታር ለማልማት የታቀደ ሲሆን፣ ቦዮቹ በገበሬዎች መንደር መካከል ያልፋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንደዚህ ያለው አገር የሚመክረው በውሃ ዙሪያ አጥር ማበጀትን፣ ለትምህርት ያልደረሱ ሕፃናትን ወላጆች ሥራ ላይ ሲሆኑ በአንድነት የሚጠብቅ ሰው ማቆምን፣ ከ6 ዓመት በላይ ላሉትም ዋናንና የውሃ ጥንቃቄን ማስተማርን ነው።

አደጋ ቢደርስስ? ከውሃ የወጣውን ሕፃን ዘቅዝቆ ውሃውን ለማንጠፍጠፍ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኝቶ፣ አፉንና አፍንጫውን በአፍ ገጥሞ ደረቱ ከፍ እስኪል 5 ጊዜ በቀስታ እፍ ማለት ነው። በሕይወት የመኖር ምልክት ካላሳየ ደረቱን በሁለት እጅ አቅፎ፣ የደረቱን አጥንት መካከል በሁለት አውራ ጣት 4 ሳንቲ ሜትር ያህል 30 ጊዜ ፈጠን አድርጎ መጫን፣ ከዚያም 2 ጊዜ እፍ ማለት፣ እንዲህ እያፈራረቁ መቀጠል ይገባል። ሌላ ሰው ወዲያውኑ እርዳታ ይጥራ። ነፍስ የዘራ ሕፃን እንኳ ሳይመረመር ወደ ቤት አይመለስ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ይህ በንባብ ብቻ የሚለመድ ሙያ ስላልሆነ ከቀይ መስቀል ወይም ከጤና ባለሙያ በእጅ መለማመድ ያሻል።

በየወረዳው የተመደባችሁ ወጣት ሠራተኞች፣ ለዕረፍት ወደ ትውልድ አገራችሁ የምትመለሱ ተማሪዎች፣ ለዚህ ሥራ ትልቅ በጀት አያስፈልጋችሁም። የአንድ ቀበሌ ጉድጓዶች ስንቱ ክዳን እንዳላቸው መቁጠር የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። እናቶች ለክትባት በሚሰበሰቡበት ቀን የሳፋውን ጥንቃቄ ማስረዳት የሩብ ሰዓት ንግግር ነው። ሕፃኑ አድጎ ዋና የሚማርበት ጊዜ ይመጣል። እስከዚያ ድረስ ከውሃ የሚያድነው የዐዋቂ እጅና የማይዘናጋ ዓይን ነው፤ ይህንንም ለመስጠት ገንዳ የሌለው መንደር ሁሉ ይችላል።