ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያልፈረደው ፍርድ

እ.ኤ.አ. በጁን 2025 መጨረሻ ብዙ ሰው የተረዳው «የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እዚያ መወለድ ዜግነት አያሰጥም አለ» ብሎ ነው። በተማሪ ወይም በጊዜያዊ የሥራ ቪዛ ላሉና ልጅ ለሚጠብቁ ሀበሻ ወላጆች ይህ የሚያስደነግጥ ነገር ነው። ፍርድ ቤቱ ግን ይህን አላለም።

ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጃንዋሪ 20 ቀን 2025 የፈረሙት ትዕዛዝ፣ እናቱ ያለ ፈቃድ ወይም በጊዜያዊ ቪዛ የምትኖር፣ አባቱም ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ካልሆነ፣ ሕፃኑ አሜሪካ ቢወለድም ዜጋ እንዳይባል ያዛል። የሚመለከተውም ትዕዛዙ ከወጣ ከሠላሳ ቀን በኋላ የሚወለዱትን ብቻ ነው። በሜሪላንድ፣ በማሳቹሴትስና በዋሽንግተን ግዛት ያሉ የፌዴራል ዳኞች ትዕዛዙን በመላ አገሪቱ አገዱት። መንግሥት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ትዕዛዙ ሕገ መንግሥታዊ ነው ይባልልኝ ብሎ አልጠየቀም። የጠየቀው፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ዳኛ ክስ ያላቀረቡ ሰዎችን ሁሉ የሚጠቅም እግድ መስጠት ይችላል ወይ የሚለውን ነው። ስድስት ዳኞች «አይችልም» አሉ፤ ሦስቱ ተቃወሙ። የዜግነቱ ጥያቄ እንዳልተነካ ውሳኔው ራሱ ይናገራል።

ይህ ማለት ግን ውሳኔው ቀላል ነበር ማለት አይደለም። ዳኞች የመንግሥትን እርምጃ በአንድ ጊዜ ለሁሉም የሚያስቆሙበት መንገድ ጠቧል፤ ጠበቃ ለሌለው ቤተሰብ ይህ ከባድ ጉዳት ነው። የቡድን ክስ በር ግን አልተዘጋም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ አንድ የፌዴራል ዳኛ ትዕዛዙ የሚነካቸውን ሕፃናት በአንድ የከሳሽ ቡድን አስገብቶ እንደገና አገደው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋናውን ጥያቄ ለማየት የተቀበለው በዲሴምበር 2025 ነው። በጁን ተወስኖ ቢሆን ኖሮ በዲሴምበር የሚታይ ነገር ባልኖረ።

ሁለተኛው ስህተት ከአገራችን ሥርዓት የመጣ ይመስለኛል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 80 መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበትን ማንኛውንም የመጨረሻ ውሳኔ የማየት የሰበር ሥልጣን ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሰጣል። ስለዚህ የአሜሪካውም እንዲሁ ሁሉንም የሚያርም ይመስለናል። እዚያ ግን የግዛት ሕገ መንግሥት ትርጉም ላይ የመጨረሻው ቃል የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኝ ዳኞች የሚገቡት የፌዴራል ሕግ ሲነካ ነው። ሞንታናን እንይ። 16 ወጣቶች ግዛታቸውን ከሰሱ። የግዛቱ ሕገ መንግሥት ንጹህና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት ሰጥቶን ሳለ፣ መሥሪያ ቤቶች ፕሮጀክት ሲገመግሙ የአየር ንብረት ጉዳትን እንዳያዩ የሚከለክል ሕግ ወጣብን አሉ። በዲሴምበር 2024 የሞንታና ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ 1 ፈረደላቸው።

በፌዴራል ፍርድ ቤት ተመሳሳይ ክስ ያቀረቡት 21 ወጣቶች ከ2015 ጀምረው ለዓመታት ቢከራከሩም ክሳቸው ተዘጋ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በማርች 2025 አቤቱታቸውን አላይም አለ። ይህንን «ወጣቶቹ ተሳስተዋል ብሎ ፈረደ» ማለት ሦስተኛው ስህተት ነው። ፍርድ ቤቱ በየዓመቱ ከሚቀርቡለት በሺዎች የሚቆጠሩ አቤቱታዎች የሚሰማው መቶ እንኳ አይሞላም፤ አንድን ጉዳይ ለመቀበል አራት ዳኞች መፍቀድ አለባቸው። አቤቱታው ሲመለስ የበታቹ ፍርድ ቤት ውሳኔ ባለበት ይጸናል እንጂ የመላ አገሪቱ ሕግ አይሆንም።