ከፎረስት ሜዳ እስከ ሐይቅ ዳርቻ፦ ኪሱ የሳሳ ጀማሪ የትኛውን የዓሣ ዘንግና ሪል ይግዛ?

የኖቲንግሃም ፎረስት ስም ሲነሳ የእኛ አገር የስፖርት ቤተሰብ ቶሎ የሚያስታውሰው ብራያን ክላፍንና ሁለቱን የአውሮፓ ዋንጫዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ሙኒክ ላይ ማልሞን፣ በ1980 ማድሪድ ላይ ሀምቡርግን፣ ሁለቱንም 1 ለ 0። ክለቡ የሚጫወትበት ሲቲ ግራውንድ ስታዲየም ትሬንት በተባለ ወንዝ ዳር መቆሙንም ብዙዎች ያውቃሉ። ይኸው ወንዝ ለዓሣ ማጥመድ ስፖርት ያበረከተው ነገር ግን እምብዛም አይወራለትም። ዛሬ «ሴንተርፒን» እየተባለ የሚጠራው የክር ማጠንጠኛ፣ በአጥማጆቹ ቋንቋ «ሪል»፣ ስም ያተረፈው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በትሬንት አጥማጆች እጅ ነው። የድሮው ከእንጨት የተሠራና «ኖቲንግሃም ሪል» የሚባል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ደግሞ ኦልኮክ የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ «ኤሪያል» የሚል ስም የሰጠውን ቀላል ሪል ለገበያ አቀረበ፤ ዛሬም ሰብሳቢዎች በውድ ዋጋ ይፈልጉታል።

ወደ እኛ እንምጣ። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የሐይቅ ከተማ ይገኛል፤ ሐይቁም ከጎኑ ነው። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ 80 ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በጥንታዊው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። ለዓሣ ወዳጅ ግን ሐይቁ ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕ ያለበት ውሃ ነው። ቆሮሶው የሐይቁ ተወላጅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረ ነው። ዛሬ የአስጋሪዎቹ ዋና ገቢ እሱ ሆኗል።

የአካባቢው አስጋሪ የሚሠራው በመረብና በመንጠቆ ነው፤ እንጀራው ስለሆነ ሪል አያምረውም። የከተማው ልጅ ግን ሌላ ነው። የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በሌለበት ቅዳሜ ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ወርዶ ዳር ላይ ተቀምጦ አእምሮውን ማሳረፍ ይፈልጋል። ከዚያ «ዘንግና ሪል ብገዛስ?» ይላል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዕቃው ከውጪ የሚመጣ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጪ ምንዛሪ ገበያው ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የዶላር ነገር የታወቀ ነው። ለጥሩ ሴንተርፒን የሚጠየቀው ገንዘብ ለብዙ ደመወዝተኛ የወር ቀለብ ነው። ተሳስቶ መግዛት ማለት ብሩን ሐይቅ ውስጥ መጣል ነውና ሳይጣደፉ ማሰብ ይበጃል።

ታዲያ ሴንተርፒን ምንድን ነው? ነገሩ ወዲህ ነው። ክር የሚጠቀለልበት ክብ ከበሮ በአንዲት ፔርኖ ላይ ይሽከረከራል፤ አለቀ። ማርሽ የለውም፣ ፍሪሲዮን የለውም፣ ፍሬኑም የአጥማጁ አውራ ጣት ነው። እጀታው አንዴ ሲዞር ከበሮውም አንዴ ብቻ ይዞራል። ዲያሜትሩ 11 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሪል በአንድ ዙር ቢበዛ 34 ሴንቲ ሜትር ክር ይሰበስባል ማለት ነው። ገበያ ላይ የሞላው ባለማርሽ ሪል በአንድ ዙር የዚህን እጥፍ ሊሰበስብ ይችላል። እና ለምን ይፈለጋል? ዓሣው ሲጎትት በመካከል የሚገባ ማሽን ስለሌለ ጉልበቱ በቀጥታ እጅ ላይ ይሰማል። ከበሮው በነፃ ስለሚሽከረከር ደግሞ ውሃው ቡሹን ሲወስደው ክሩ ሳይንገጫገጭ አብሮ ይሄዳል፤ ትሉም ዓሣው ፊት እንደ ተፈጥሮው ያልፋል።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ሴንተርፒን የወንዝ ልጅ ነው። በእንግሊዝ ወንዞችና በካናዳ ታላላቅ ሐይቆች ገባሮች ላይ የነገሠው ውሃው ራሱ ቡሹን ስለሚሸከምለት ነው። በአገራችንም ቢሆን እንደ ባሌዎቹ ዌብና ዳንካ ያሉ ከኬንያ የመጣ ትራውት የተለቀቀባቸው ወንዞች ይበልጥ ይስማሙታል። ሐይቅ ግን የቆመ ውሃ ነው። የወንዙን ሥራ የሚሠራለት ነፋስ ብቻ ነው፤ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ የተቀመጠ ሰው ቡሹን ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ሊሸኘው ይችላል። «እኔ 50 ሜትር ርቄ መወርወር ነው የምፈልገው» የሚል ካለ ሴንተርፒን ይቅርበት፤ ተራውን ባለማርሽ ሪል ይግዛ፣ በዋጋም ይረክስለታል። ከዳር 10 እና 15 ሜትር ውስጥ በቡሽ ለሚጫወት ግን ሴንተርፒን ይበቃል።

አሁን ወደ ግዢው። ፎረስት የካቲት 1979 (እ.ኤ.አ.) ትሬቨር ፍራንሲስን በ1 ሚሊዮን ፓውንድ ሲገዛ በእንግሊዝ ያን ያህል የተከፈለበት የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። ከዚያ በፊት ጋሪ በርትልስን ሎንግ ኢተን ዩናይትድ ከተባለ ትንሽ ክለብ የወሰደው ደግሞ በ2,000 ፓውንድ ነበር። ሙኒክ ላይ ሁለቱም በቋሚነት ገቡ፣ ጎሏን ፍራንሲስ አስቆጠረ። ትምህርቱ «ሁሉንም ርካሽ ግዛ» አይደለም። ገንዘቡን አንድ ቦታ አፍስስ፣ ሌላውን ቆጥብ ነው። በሴንተርፒን ቡድን ውስጥ ፍራንሲስ ማን ነው ቢባል፣ ፔርኖውና ኩሽኔታው ነው። በርትልስ ደግሞ ዘንጉ ነው።

ስለዚህ ሪል ሲገዛ ቀለሙንና ቀዳዳውን መቁጠር ሳይሆን ማሽከርከር ነው። ከበሮውን በጣት ገፋ ያድርጉት፤ ጥሩው ዝም ብሎ ለረጅም ጊዜ ይዞራል፣ በጣም ጥሩው ደቂቃ ያልፋል። ቶሎ ከቆመ ወይም የመፋጨት ድምፅ ካሰማ ይለፉት። ቀጥሎ ከጎን ሆነው ጠርዙን ይመልከቱ፤ እንደተጣመመ የብስክሌት ጎማ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ፔርኖው ታጥፏል ማለት ነው። አሮጌ ዕቃ ሲገዛ ይህ ዋናው ነው፤ ጭረት አያሳስብም፣ የታጠፈ ፔርኖ ግን እንደተጎዳ ጉልበት ነው፣ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። «ካር ካር» የሚል መቆለፊያ ካለው ዘንጉን መሬት ላይ ሲያስቀምጡ ክር እንዳይፈስ ይረዳል። ከአዲሶቹ ውስጥ የታይዋኑ ኦኩማ የሚሠራው «አቬንታ» በውጪ አገር ብዙ ጀማሪ የሚነሳበት ነው፤ በእጅ የሚሠሩት የታወቁት ግን በብዙ መቶ ዶላሮች የሚሸጡ ናቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አያስፈልጉም። ከውጪ የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው ሪሉን ብቻ ያስመጣ፤ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ ረጅም ዘንግ ግን ጣጣ ነው።

ዘንጉ ከ3 ሜትር ተኩል እስከ 4 ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ርዝመቱ ክሩን ከውሃው ላይ ያነሳል፣ ዓሣ ሲይዝም እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ውድ መሆን የለበትም። ሁለት ነገር ይታይ፤ የክር ማሳለፊያ ቀለበቶቹ ያልተሰነጠቁ መሆናቸውና የሪሉ እግር እጀታው ላይ ጥብቅ ብሎ መቀመጡ። ይህም ከጠፋ ቀጥ ያለ የደረቀ ሸምበቆ ቆርጦ ቀለበት ማሰር ይቻላል። የማይሽከረከርን ሪል ግን ማንም አያድነውም።

የቀረው ሳንቲም ነው። 0.20 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ናይለን ክር ለቆሮሶ ይበቃል፤ ለአምባዛ ወፈር ማለት አለበት። ትናንሽ መንጠቆ፣ ጥቂት እርሳስ፣ አንድ ቡሽ፣ ትል ወይም ሊጥ። አወራወሩ ጀማሪን ያናድዳል፤ ከበሮውን እያሽከረከሩ መወርወር ጊዜ ይፈልጋል፣ ክሩም ይተበተባል። መጀመሪያ በቀለበቶቹ መካከል ያለውን ክር በእጅ ሁለት ሦስት ዘለላ ስቦ፣ ዘንጉን እያወዛወዙ መልቀቅ ይሻላል። ዓሣው ሲሮጥ ደግሞ ጠርዙን በአውራ ጣት ዳሰስ ማድረግ እንጂ ጭምቅ አድርጎ መያዝ የለም፤ ክሩ ይበጠሳል።

ሳይረሳ የሚነገር ነገር አለ። ዓሣ የማስገር ሥራ ሕግ አለው፤ የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፣ ክልሉም የራሱ ደንብ አለው። ከመወርወር በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤትና የአስጋሪዎቹን ማኅበር መጠየቅ የወግ ነው። እነሱ የሚኖሩበትን ውሃ እኛ የምንዝናናበት ነንና። ቆሮሶ ጎጆውን የሚቆፍረው ጥልቀት በሌለው ዳር ላይ ነው፣ እናቲቱም እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። በዳር በኩል የያዝናት ዓሣ ትንሽ ከሆነች ወይም አፏ እንቁላል ከያዘ፣ እጅን አርጥቦ መንጠቆውን ፈትቶ መልቀቅ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ውድድር ተጫዋች የሚያፈራው ሐይቁ ራሱ ነው፤ ታዳጊውን ቡድን የበላ ክለብ ዋንጫ አያነሳም።