ክረምት ሳይገባ ጣሪያችሁን እዩ

ገበሬዎች ሆይ! በግንቦት ወር አንድ ቀን ቀትር ላይ እቤት ግቡና በሩን ዝጉ። ቀና በሉ። በክዳኑ መሀል ብርሃን ከታያችሁ በዚያው ቀዳዳ ሐምሌ ላይ ውሃ ይገባል። ውሃው ጎታው ላይ ከወረደ የዘሩ እህል ይሻግታል። ዘር ፍለጋ ሰው ደጅ መቆም ምን እንደሆነ ደግሞ እኔ አልነግራችሁም።

መጀመሪያ ጉልላቱን እዩ። የሣሩ ጫፍ ሁሉ የሚገናኘው እዚያ ነው፤ ቶሎ የሚያፈሰውም እሱ ነው። ከዚያ በእጅ ሲያሹት የሚፈረፈረውን ሣር ምዘዙ። በጢስ የጠቆረውን ግን ተዉት፤ ጢስ ተባይ ያርቃል። በኅዳር ያጨዳችሁትን ሰንበሌጥ፣ የላይኛውን ሣር ቀና አድርጋችሁ ከሥሩ አስገቡ። እንዲያው ከላይ ጣል ካደረጋችሁትማ ነፋስ ይወስደዋል።

ቆርቆሮ ያለበሳችሁስ? ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል። ሣር ግን በውስጡ አየር ስለሚይዝ ሙቀት ያቆያል። እናንተም ከቆርቆሮው ስንዝር ያህል ዝቅ አድርጋችሁ የተሰፋ ጆንያ ወጥሩ፤ በመሀል የሚቀረው አየር ብርዱን ይቀንሳል። ከምድጃው በላይ ግን አደራ እንዳትወጥሩ፣ እሳት ይይዘዋል! ሚስማሩንም በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ምቱ፤ ውሃ የሚወርደው በቦዩ ነው።