ለትንሽ ቁስል ትልቅ ጥንቃቄ



የዐረፋ በዓል ሲደርስ በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ ደጋማ ቀበሌዎች የዑድሒያ ሥጋ ወደ የቲሞች ቤት ይገባል። ሥጋውን የምትቆርጠውና ለቋንጣ የምትዘለዝለው ብዙውን ጊዜ እናቲቱ ወይም ትልቋ ልጅ ናት። በዚህ መካከል ቢላዋ ጣት ይነካል፤ የአጥንት ስንጣሪ ይወጋል። «ትንሽ ናት» ተብሎ ይታለፍና ሥራው ይቀጥላል።

ይሁን እንጂ ጤነኛ ቆዳ የሰውነት አጥር ነው። አጥሩ ሲጣስ በጥሬ ሥጋና በቢላዋ ላይ ያሉ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን መግቢያ ያገኛሉ፤ ጣትም አብጦ መግል ይቋጥራል። ከእነዚህ ሁሉ አስጊው አባ ሰንጋ ነው። ይህ በሽታ ከታመመ ወይም ከሞተ ከብት ሥጋ፣ ደምና ቆዳ በእጅ ቁስል በኩል ወደ ሰው ይገባል። ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 7 ባሉት ቀናት የሚያሳክክ እብጠት ይወጣል፤ ቀጥሎ መሐሉ የጠቆረ ቁስል ይሆናል። ቁስሉ አብዛኛውን ጊዜ ስለማያምም ሰው ይንቀዋል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። በጊዜ ጤና ጣቢያ የደረሰ ግን በመድኃኒት ይድናል።

ሸሪዓችን በክትን ከልክሏል፤ ሕመሟ ግልጽ የሆነ እንስሳም ለዑድሒያ እንደማትበቃ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ስለዚህ «ነፍሱ ሳትወጣ እንድረስበት» ተብሎ የታረደ የታመመ ከብት ሥጋ ለየቲም ቤት አይሰጥ፤ ረከሰ ተብሎም አይገዛ። በድንገት የሞተ ከብት ሳይገፈፍና ሳይከፈት ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር። የአባ ሰንጋ ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይቆያልና።

በቤት ውስጥ ደግሞ የሚከተሉትን እንጠብቅ፦

1. እጁ የቆሰለ ሰው ሥጋ አይንካ፤ ሌላ ሰው ከሌለ ቁስሉን በንጹሕ ፋሻ ሸፍኖ ጓንት ያጥልቅ።
2. የተቆረጠ ሰው ሥራውን ያቁም፤ ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና ይጠብ። አመድ ወይም የቡና ዱቄት አይነስንስበት።
3. ቢላዋውና መክተፊያው በፈላ ውኃና በሳሙና ይታጠቡ፤ ሥጋውም በደንብ ይብሰል።
4. ቁስሉ ካበጠ፣ ከጠቆረ ወይም ትኩሳት ካስከተለ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይኬድ። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይጠየቅ።

ውድ ለጋሾች! ብዙ እናቶች ቁስላቸውን የሚደብቁት ለመጓጓዣና ለመድኃኒት የሚከፍሉት ስለሌላቸው ነው። ከሥጋው ጋር ሳሙናና ፋሻ፣ እንዲሁም ለሕክምና የሚሆን ጥቂት ገንዘብ እንድትጨምሩ በአክብሮት እንጠይቃለን። አባቱን ያጣ ልጅ የእናቱንም እጅ እንዳያጣ እንድረስለት።

አላህ ሰደቃችሁን ይቀበል። አሚን።